አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ሰው

ካፕቴን ኢድሪስ ማረፉን የሰማሁት ቢሮ በረንዳ ላይ ቆሜ ነው። የነገረኝ ሾፌራችን ነው። «ያ የዩኒቨርሲቲው ሽማግሌ፣ የሰይፉ ሰውዬ፣ ንጋት ላይ አረፈ አሉ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ይቀበራል» አለኝና መኪናውን ማጠቡን ቀጠለ። ግራ እጄ ብድግ አለች። ጆሮዬ አጠገብ ስትደርስ መዳፏን ዘርግታ ቆመች። ሾፌሩ ባጃጅ የምጠራ መስሎት ዞር ብሎ መንገዱን አየ፤ መንገዱ ላይ ባጃጅ አልነበረም።

እጄን ቶሎ አወረድኳት። እኔ በሆነው ባልሆነው የምደነግጥ ሴት አይደለሁም። ባምባሲ ገበያ ውስጥ ያደግሁ የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ሳልሟገት የምለቀው ነገር የለም። በዚህ ነገር እንኳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ኖሬያለሁ። መረታቴ የገባኝ በዚያች ጠዋት ነው።

ካፕቴን ኢድሪስ ፌንሲንግ ያስተማረኝ ሰው ነው። አሶሳ ውስጥ ፌንሲንግ ተማርኩ ስል እስከ ዛሬ የሚስቅብኝ አለ። ይሳቅ። ነጭ ለብሰው፣ ጭንብል አጥልቀው፣ በቀጭን ሰይፍ የሚነካኩበትን ስፖርት በቴሌቪዥን አይቶት ይሆናል እንጂ እኛ ማንጎ ሥር ይኖራል ብሎ አያስብም። እኔም አላሰብኩም ነበር። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ክበቡ ውስጥ የገባሁት ለስፖርት ፍቅር ብዬ አይደለም። ዶርማችን ውስጥ ስምንት ሴቶች ነን፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ቆርቆሮውን አልፎ አናታችን ላይ ይቀመጣል። የስፖርት አዳራሹ ግን ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ነፋስ ያገኛል። ለነፋሱ ብዬ ሄጄ ነው እዚያው የቀረሁት።

ዕቃው ወደ ግቢው የመጣው ከሌላ የስፖርት ዕቃ ጋር በእርዳታ ነው። ሣጥኑ ሲከፈት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ጭንብሎቹ ፊታቸው የሽቦ ወንፊት ነው፤ አንድ መምህር «ይሄማ የንብ ነው» አለና ወደ ንብ እርባታው ተላኩ። አገሩ የማር አገር ነው፣ ወንፊት ያለበት ነገር ሁሉ የንብ ይመስለናል። ጭንብሉ ታዲያ ከአገጭ በታች ክፍት ነው። መምህሩ ቀፎ ሊከፍት ሲሄድ ንቦቹ በአንገቱ በኩል ገቡለት፤ ጭንብሉን እንዳጠለቀ ግቢውን አቋርጦ ሮጠ። ኢድሪስ ያን ጊዜ የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ይሄ ለንብ አይደለም። ለሰው ነው። ሰው ከንብ ይብሳል» አለ። ከዚያ ከሣጥኑ አንድ ሰይፍ መዘዘ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ መያዣውን ወደ አገጩ አንስቶ ሰላምታ ሰጠ። ሽበታም ግምጃ ቤት ጠባቂ ይህን ከየት አመጣው ተብሎ ጉድ ተባለ።

ያመጣው ከካርቱም ነው። በወጣትነቱ ሥራ ፍለጋ ተሻግሮ አንድ የሀብታሞች የስፖርት ክበብ ውስጥ ወለል ጠራጊ ሆኖ ተቀጠረ። ተጫዋቾቹ የሚለማመዱበት ሰው ሲያጡ እሱን ያቆሙት ነበር። በመቆም ብዛት ተማረ። «ካፕቴን» የሚለውን መጠሪያም ከዚያው ነው ያመጣው፤ እዚያ አሠልጣኝ ሁሉ ካፕቴን ነው አለን፣ እኛም ወደድነው።

ቤቱ የሚናገረው የቤርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛን የለመደው ገበያ ውስጥ ነው። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል። መጀመሪያ ቀን እኔ ባደግሁበት ደንብ «አንቱ» ስለው «እኔ አንድ ሰው ነኝ። ለምን ታበዛኛለህ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ እኔም «አንተ» አልኩት፣ እሱም «አንተ ለሊሴ» አለኝ። በዚሁ ተስማምተን ኖርን።

ጭንብሉ ስድስት፣ ሰይፉ አራት ብቻ ነበር። ለተረፍነው ካፕቴን ከቀርከሃ ጠረበልን፤ ጫፉን በጨርቅ ይጠቀልለዋል። በሌላው ዓለም ሰይፉ ሲነካ የሚበራ የኤሌክትሪክ መብራት አለ አሉ። እኛ ጋ መብራት የለም። የተነካው ሰው ራሱ ነው የሚናገረው። ሰይፉ ደረትህን ከነካ ትቆማለህ፣ ግራ እጅህን ታነሳለህ፣ «ነካኝ» ትላለህ። የነካው ዝም ይላል። ደንቡ ይኸው ነው። ካፕቴን ሲጠራጠር «ነካህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ነካኝ» ካልክ ነጥቡ የሌላው ነው፣ «አልነካኝም» ካልክ ቃልህ ይጸናል። የሚጠይቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ሁለት ጊዜ መጠየቅ፣ ውሸታም ብሎ መሳደብ ነው» ይላል።

«ግን ለምን በግራ?» አልኩት አንድ ቀን። በግራው ሲበላም ሲሰጥም አይቼው አላውቅም። ሳቀ። «ቀኝ እጅ ሥራው ብዙ ነው። ይበላል፣ ሰላም ይላል፣ ይማታል፣ ይዋሻል። ግራ እጅ ሥራ ፈት ነው። እውነት እሱ ይናገር» አለኝ።

ወንዶቹ ታዲያ መጨቃጨቃቸው አልቀረም። አንድ ከሰዓት ነገሩ ከሮ «ጫፉ ላይ ጠመኔ እንቀባ፣ ምልክቱ ይመስክር» አሉ። ካፕቴን የሚቆጣ ሰው አይደለም። ያን ቀን ግን የያዘውን ሰይፍ ወለል ላይ አስቀመጠ። የሸሚዙን ቁልፎች እስከ ሆዱ ፈታ። ደረቱ ላይ ፈንጣጣ የወጣበት የሚመስል ትናንሽ ጠባሳ ሞልቷል።

«ካርቱም ሦስት ዓመት እንዲህ ቆምኩ» አለ። «ጃኬት የለም። ሁሉ ወጋኝ። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ‹ነካህ?› ብሎ አልጠየቀኝም። ግድግዳ ይጠየቃል? እኔ ግድግዳ ነበር።»

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ። «ጠመኔ ለግድግዳ ነው። ሰው አፍ አለው» አለና ሰይፉን አነሳ። ከዚያ ወዲያ ጠመኔ ያነሳብን የለም።

ሌላም ልማድ ነበረው። ከግጥሚያ በፊት ለተጋጣሚያችን ሰላምታ እንሰጣለን፣ ለዳኛው እንሰጣለን፣ ከዚያ ወደ ባዶው አግዳሚ ወንበር አዙሮ ለተመልካች ሰላምታ ያሰጠናል። «ካፕቴን፣ ማንም የለም እኮ» እንለዋለን። «ይኖራል» ይላል። ፈጣሪ ያያል ለማለት ነው መሰለኝ፤ ጠይቄው አላውቅም። አሁን በዚያ አዳራሽ ሳልፍ ወንበሮቹን ማየት አልወድም።

ሙሉነሽን ያገኘኋት እዚያ ነው። የፓዌ ልጅ ናት። ወላጆቿ በሠፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ የተወለደችው ፓዌ ቢሆንም አነጋገሯ ከወላጆቿ አልወጣም። እኔ አሥር ቃል ስናገር እሷ አንዱን ትመርጣለች። አንድ ጭንብል ለሁለት እንጋራ ነበር፤ የእሷን ላብ በነጠላዬ ጠርጌ አጠልቀዋለሁ፣ እሷም እንዲሁ። ጓደኛዬ ነበረች ብል ያንሳል።

የምንመረቅበት ዓመት ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ከክበባችን አንዲት ሴት ለውድድር ትላክ፣ እግረ መንገዷንም የአሠልጣኝነት ሥልጠና ወስዳ የምስክር ወረቀት ትያዝ የሚል ነው። ያች ወረቀት የሥራ በር እንደሆነች ሁላችንም ገብቶናል። የደረስነው እኔና ሙሉ ነን። ካፕቴን «አምስት ነጥብ ቀድሞ የሞላ ይሂድ» አለ። አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ብቀር የአባቴ ሱቅ አለልኝ። እሷ ብትቀር ምን እንዳላት አሳምሬ አውቃለሁ። ይህን እያወቅሁ ነው የገባሁት።

ዝናብ ነበር። አሶሳ ሲዘንብ ቆርቆሮው የሰው ድምፅ ይውጣል። ግራና ቀኝ ሁለት ተማሪዎች በዳኝነት ቆመዋል፣ ካፕቴን መሀል ነው። አራት ለአራት ሆንን።

ሙሉ ሰይፏን ዘርግታ ገባችብኝ። የሰይፏ ጫፍ ከአንገት አጥንቴ ዝቅ ብሎ ነካኝ። ገፋ አላደረገችውም፣ ሰይፉም አልጎበጠም፤ ሰው በጣቱ ነካ አድርጎ «ስሚ» የሚልሽ ያህል ነው። እኔ ግን አልቆምኩም። ክንዴ ቀጠለ፣ ጎኗን ወጋኋት። ሙሉ ወዲያው ግራ እጇን አንስታ «ነካኝ» አለች። እሷ ቀድማኝ እያለች የኔን አመነች። ዳኞቹ ተያዩ፤ አላዩም። ካፕቴን ወደ እኔ ዞረ።

«ነካህ?»

ጊዜ አልነበረኝም ብዬ ለራሴ ስንት ጊዜ ነገርኩት። ውሸት ነው፤ ጊዜ ነበረኝ። ዝናቡን እየሰማሁ ነበር፣ የሙሉን ትንፋሽ እየሰማሁ ነበር። ግራ እጄ ጭኔ ላይ ነበረች፤ ከበደችኝ።

«አልነካኝም» አልኩ።

በወንፊቱ ውስጥ ሆኜ አየሁት። ዓይኑን አልነቀለም። ሁለተኛ እንዲጠይቀኝ ጠበቅሁ፤ እውነቴን ነው፣ ቢጠይቀኝ እናገር ነበር። አልጠየቀኝም። «እሺ» አለና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ነጥቡ የኔ ሆነ። ሙሉ ጭንብሏን አውልቃ ጉንጬን ሳመችኝ፤ «በርቺ፣ አደራ» አለችኝ።

አዲስ አበባ ሄድኩ። ውድድሩ ላይ በመጀመሪያው ቀን ተሸንፌ ወጣሁ። ሥልጠናውን ግን ጨረስኩ፣ ወረቀቱን ያዝኩ፣ በዚያች ወረቀት ዛሬ ያለሁበት የስፖርት ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ። ከአንገት አጥንቴ በታች የነበረችው ቀይ ነጥብ በሳምንቷ ጠፋች። አሁን መስታወት ፊት ብቆም የሚታይ ነገር የለም። ጣቴ ግን ቦታዋን ሳይፈልግ ያገኛታል።

ከአዲስ አበባ ተመልሼ እስክመረቅ ክበቡ ውስጥ ቆየሁ። ካፕቴን አልተለወጠብኝም። ክርኔን ያስተካክላል፣ ይቀልዳል፣ ከጓሮው ማንጎ ያመጣልኛል። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። «ነካህ?» ብሎ አይጠይቀኝም። ሌላውን ሁሉ ይጠይቃል። እኔ ላይ ሲደርስ ያልታየ ነገር ካለ «ቀጥሉ» ብሎ ያልፋል። መጀመሪያ አጋጣሚ መሰለኝ። አንድ ቀን ሆነ ብዬ፣ አንዱ ልጅ ሰይፉ ሆዴ ላይ እስኪጎብጥ ነክቶኝ ሳለ እጄን ሳላነሳ ቆምኩ። አዳራሹ ሁሉ አይቷል። ካፕቴን ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። ፊቱን ወደ በሩ አዞረና ውጭ ያለውን ዛፍ ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ እኔው ራሴ «ነካኝ» አልኩ። ያን ቀን ዶርም ገብቼ አለቀስኩ። ናቀኝ አልኩ። ግድግዳ አደረገኝ አልኩ።

ከዚያ ተናደድኩበት። ሲናደዱ ይቀላል። ምን አደረግሁ? ሰው ገደልኩ? የተማሪ ጨዋታ ነው፤ ካልታየ አልታየም። ሙሉስ ብትሆን «ነክቻታለሁ» ለምን አላለችም? የነካ ዝም ይበል ብሎ ደንብ ያወጣው እሱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልጠይቅ ያለው እሱ። ስድስት ዓመት በዚህ ሙግት ራሴን ነፃ አወጣለሁ፣ በነጋታው ክሱ እንደገና ይከፈታል።

ሙሉ ፓዌ አንድ ዓመት ከርማ ጾሬ ስደተኞች ጣቢያ ውስጥ ልጆች የማጫወት ሥራ አገኘች። ጾሬ የአሶሳ አፍንጫ ሥር ነው። አንድ ጊዜ በመሥሪያ ቤት መኪና በዚያ ሳልፍ አየኋት። ከሱዳን የመጡ ሕፃናትን በሁለት ረድፍ አቁማ፣ ሁሉም የቀርከሃ ሰይፍ ይዘው፣ ሰላምታ ታሰጣቸዋለች። ለተጋጣሚያቸው ሰጡ። ለእሷ ሰጡ። ከዚያ ሁሉም ወደ ባዶው ሜዳ ዞሩ፤ ሜዳው መጨረሻ ላይ እኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ «እናቁም? ታውቂያታለሽ?» አለኝ። «ሂድ፣ ይመሽብናል» አልኩት። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።

ካፕቴንንም ከተማ ውስጥ አገኘው ነበር። ጡረታ ወጥቶ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ወደ መስጊድ ሲሄድ መንገድ ላይ እንገናኛለን። «አንተ ለሊሴ፣ አባትህ ደህና ነው? ሱቁ ደህና ነው?» ይለኛል። «አልሐምዱሊላህ» እለዋለሁ እንደሱው፤ ይስቃል። ከዚያ ሰላምታው ካለቀ በኋላ ትንሽ ይቆማል። እኔ «ቸኩያለሁ ካፕቴን» እልና እሄዳለሁ። ዞሬ ሳየው አንዳንዴ እዚያው ነው።

ለቅሶ የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ሁለቱን ቀን ሥራ በዛብኝ አልኩ። ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሯል፤ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አዲስ የገባ ሁለት እጁን ዘርግቶ ለሟቹ የፋቲሓን ጸሎት ይቀራል፣ ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው ይከተሉታል። እኔ በጓሮ ዞሬ ወደ ሴቶቹ ገባሁ። ባለቤቱ እማማ ዘሃራ አቅፋኝ፣ እንደ ባሏ ሴቷን በወንድ ጠርታ «ልጁ መጣ» ብላ አለቀሰች። ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ።

ውኃ የምታዞረው ሙሉ ነበረች።

እንደ ቤት ልጅ ነው የምትንቀሳቀሰው፤ ብርጭቆው የት እንዳለ ታውቃለች። ፊቴ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ትሪውን አቀረበችልኝ። «ለሊሴ። እንኳን መጣሽ» አለች። ቀና ብዬ አየኋት። ጎረቤቶቹ ያወራሉ፣ ሕፃን ያለቅሳል። ይህን ለመናገር ቦታው አልነበረም። ስድስት ዓመት ግን ቦታው አልተገኘም። ግራ እጄን አነሳኋት፤ በዚህ ጊዜ ራሴ ነኝ ያነሳኋት።

«ሙሉ፣ ያን ቀን ነክተሽኝ ነበር» አልኳት።

ትሪውን መሬት አስቀመጠችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አውቃለሁ» አለች። «እሱም አይቷል። በማግስቱ ሄጄ አለቀስኩበት። ‹አየህ አይደል?› አልኩት። ‹አየሁ› አለኝ። ‹ታዲያ ለምን ደግመህ አትጠይቃትም?› አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«‹ጠይቄዋለሁ። ጥያቄው እሱ ጋ ነው ያለው። እሱን ሳይመልስ ሌላ አልጠይቀውም። ይመጣል› አለኝ። እኔንም አንቺ እስክትመጪ ዝም በይ አለኝ።»

የናቀኝ መስሎኝ የኖርኩት ሰው ለካ መልሴን እየጠበቀ ነበር።

«በየዒዱ ልጆቹ የሚይዙትን ቀርከሃ ልወስድ እመጣለሁ» አለች ሙሉ። እንዲህ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። «ጠርቦ ያቆይልኛል። ሰላምታ ሳንጨርስ ‹መጣ?› ይለኛል። ‹አልመጣችም› እለዋለሁ። ‹እሺ› ይላል።»

«በዚህ ሳምንትስ?» አልኳት። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

ብርጭቆዎቹን አስተካከለች።

«ማክሰኞ መጥቼ ነበር። ደክሞ ነበር፣ ድምፁ አይወጣም፤ በከንፈሩ ነው ያወቅሁት። ‹መጣ?› አለኝ። ‹መጥታለች፣ ነገረችኝ› ልለው ፈልጌ ነበር፣ ለሊሴ። ደስ ብሎት ይሂድ ብዬ። እሱን ግን መዋሸት አቃተኝ።»

«ምን አልሽው?»

«‹አልመጣችም› አልኩት።»

ውጭ አዲስ ለቅሶ ደራሽ ገብቶ ወንዶቹ ፋቲሓ ጀመሩ።

«እሱስ?»

«‹እሺ› አለኝ» አለች ሙሉ።

ግራ እጄ አሁንም እንደተነሳች ነበረች፤ ረስቻታለሁ። ሙሉ በሁለት እጇ ይዛ አወረደችልኝ።